ሌንሴ ውስጥ የቀረችው ጤፍ

ፍኖተ ሰላም የምትኖሩ ሰዎች ያቺን ፎቶ ሳታዩዋት አትቀሩም። ከአስፋልቱ ወደ ገበያው ስትታጠፉ ያለው ፎቶ ቤት መስታወት ላይ የተለጠፈችው፣ ሙሽራዋ የአባቷን ጉልበት ስትስም የምታሳየዋ ትልቋ ፎቶ። ያላያችኋት ካላችሁ እኔ ልንገራችሁ፤ ውብ ናት። ያነሳኋት እኔ ነኝ። ከሥሯ የተጻፈው ስም ግን የኔ አይደለም።

ይህን ነገር እስካሁን በአፌ ነበር የማወራው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሳወራ የአማርኛ መምህራችን ሰሙኝና «በአፍሽ ስታወሪው እየተናደድሽ ታቋርጭዋለሽ፤ በጽሑፍ ጨርሽው» አሉኝ። ጀመርኩት። ለካ መጻፍ እንዲህ ደስ ይላል! እንግዲህ ከረዘመባችሁ ታገሱኝ፤ ጥፋቱ የመምህራችን ነው።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ስሜ ትርንጎ ነው። ወንድሜ ሙሉቀን ባሕር ዳር ሥራ እንደያዘ ያገለገለ ካሜራ ገዛ፤ ብዙም ሳይቆይ «ስልኬ ይሻላል» ብሎ ለኔ ተወልኝ። ከዚያ በኋላ ያላነሳሁት ነገር የለም። የታጠበ ባጃጅ፣ ያልታጠበ ባጃጅ፣ ማንጎ የጫነ ጋሪ፣ የጎረቤታችን ውሻ ስታዛጋ፣ እናቴ የተማሪ ፈተና ስታርም መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ስትፈልግ። እናቴ «ይች ልጅ የምታነሳው ስታጣ ግድግዳ ታነሳለች» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ግድግዳም አንስቻለሁ።

ቀስ በቀስ ግን ከፎቶው እኩል ዕቃው ያስጨንቀኝ ጀመር። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር የማነበው ስለ ሌንስ ነው። የክፍሌ ልጆች ስለ ዘፋኝ ሲያወሩ እኔ ስለ ሃምሳ አወራለሁ። ሃምሳ ማለት እኛ ፎቶ አንሺዎች (አዎ፣ እኛ!) የሃምሳ ሚሊ ሜትሩን ሌንስ የምንጠራበት ስም ነው። ትንሽ ናት፤ ጡጫ ብታክል ነው። ግን ጨለማ ቤት ውስጥ ታያለች። ከሰውዬው ኋላ ያለውን ሁሉ እንደ ቅቤ ታቀልጠዋለች። ከጀርባ መብራት ካለ ደግሞ በሷ ሲታይ ክብ ክብ፣ ድቡልቡል ብርሃን ይሆናል። የመጀመሪያዋን ክብ ብርሃን ያየሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከጠቦትነቱ ጀምሮ ያሳደግኩት በግ ነበረኝ፤ ነጮ። ለፋሲካ ገበያ ወጣ። ስለ ነጮ ብዙ አልጽፍም፤ እንባዬ ይመጣል። ባጭሩ ነጮ ሄደ፣ ሃምሳዬ መጣች።

አሁን ጋሽ አንሙትን ላስተዋውቃችሁ። ፎቶ ቤቱ የሳቸው ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ ነበር የምውለው፤ ወለል እጠርጋለሁ፣ የጉርድ ፎቶ እቆርጣለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ያስተምሩኛል። ያነሳሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ያዩልኝ ነበር። ያቺን የምታዛጋ ውሻ ሲያዩ «ይችን ወድጃታለሁ። ብርሃኑ ጥርሷ ላይ እንዴት እንዳረፈ አየሽው?» ብለውኛል። «ፎቶ በጣት አይነሳም፣ በትንፋሽ ነው። ስትጫኝው ትንፋሽሽን ያዥ» ያሉኝም እሳቸው ናቸው። አባቴ ከኛ ጋር አይኖርም። ስለዚህ ጋሽዬ ለኔ ምን እንደነበሩ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ገብቷችኋል።

ክረምት መጣ። እርጥበት ሌንስን ያሻግታል የሚል አነበብኩና ያዘኝ ጭንቀት! መፍትሔው ደግሞ እዚያው ተጽፎ ነበር፤ «ሌንሱን ደረቅ እህል ውስጥ ቅበሩት፤ እህል እርጥበት ይስባል» ይላል። ጻፊው የየት አገር ሰው እንደሆነ እንጃ፤ በቆሎ ይሁን ሩዝ አልለየም። እኛ ቤት ያለው ጤፍ ነው። ሃምሳዬን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ ጆንያው ውስጥ ቀበርኳት። የኋላ ክዳኗ ከጠፋ ቆይቷል።

ጎጃሜ ናችሁና ጤፍ ማለት ምን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም። ጤፍ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ሳወጣት ነጠላው ራሱ ጤፍ ሆኗል። ነፋሁ፣ አራገፍኩ፣ በቡሩሽ ጠረግኩ። አንዲት ፍሬ ግን ከመስታወቶቹ መሃል ገብታ፣ ጠርዙ ላይ ተጣብቃ ቁጭ ብላለች። እናቴ በሳቅ ፈረሰች።

«እና አሁን ምን ልናደርግ ነው? ሌንሱን ልናቦካው?»

ፎቶ ሳነሳ ጤፏ አትታይም። የምትታየው እነዚያ ክብ ብርሃኖች ውስጥ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ክብ ውስጥ፣ ከላይ በቀኝ በኩል፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ።

ለጋሽዬ አሳየኋቸው። ወደ መብራት አዙረው አዩና «ችግር የለውም፣ ፈትቼ አወጣልሻለሁ፤ ተይልኝ» አሉ። ተውኩላቸው። በየቀኑ እየሄድኩ «እንዴት ሆነች?» እላለሁ፣ እንደታመመ ሰው። አንድ ቀን ከሰዓት ገና ከበሩ ስገባ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ትርንጎዬ፣ ቁጭ በይ።»

ሌንሷን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። በውስጧ ነጭ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ መስታወቱን ሸፍኖታል። ጤፏ የለችም።

«ጤፏን አወጣኋት። ግን ሻጋታው ቀድሞ ከውስጥ በልቷት ኖሯል። ሞታለች ልጄ። ባላየኋት ይሻለኝ ነበር።»

አለቀስኩ። በመሀረባቸው እንባዬን ጠረጉልኝ። «በጥር አንድ ሰርግ አለኝ፣ ከቡሬ ወዲያ። ይዤሽ እሄዳለሁ፤ እንደ ትልቅ ሰው አብረሽኝ ትሠሪያለሽ» አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ። የሞተችውን ሌንሴን ደግሞ መጣል አልሆነልኝም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣት እዞር ጀመር። ነጮን ሁለት ጊዜ የቀበርኩት መሰለኝ።

ጥር ደረሰ። ጋሽዬ ለምን እንደፈለጉኝ ያወቅኩት እዚያው መንገድ ላይ ነው። በዚያ አገር ሙሽራዋ ያለችበት ቤት ሰርገኛው ገብቶ እስኪወስዳት ድረስ ወንድ ፎቶ አንሺ ድርሽ አይልም። አንዲት ሴት የግድ ታስፈልጋለች። ቢሆንም አልከፋኝም፤ እንዲያውም ኮራሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ካሜራቸውን ሊወለውሉ ቦርሳቸውን ሲከፍቱ ዓይኔ ገባ።

«ጋሽዬ! ሃምሳ ገዙ እንዴ?»

ቦርሳውን ዘጉት። «እ... አዎ። ባለፈው ባሕር ዳር ሄጄ... ያገለገለ ነው።»

«እንኳን ደስ አለዎት! አንዴ ልያት?»

«ኋላ፣ ኋላ። አቧራ ይገባባታል።»

ደስታዬ ከልቤ ነበር። የኔዋ ብትሞትም እሳቸው አገኙ ብዬ እስከ ቡሬ ፈገግ ስል ሄድኩ። ይሄን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴን በትራስ መሸፈን ያምረኛል።

ከቡሬ የነቀምቴውን መንገድ ይዘን ጥቂት ሄድንና ወርደን በእግር ገባን። ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። ሰርጉ ቤት በር ላይ ትልቅ ዳስ ተጥሏል፤ በቀንም በጄኔሬተር የሚበሩ አምፖሎች ዙሪያውን ተንጠልጥለዋል። ሴቶቹ እኔን እየገፉ ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

«ፎቶ አንሽዋ ይች ናት? ካሜራው አይበልጣትም?»

«ተያት፣ ትንሽ ሚጥሚጣ ናት!»

ሙሽራዋ ስመኝ ትባላለች። ጥግ ላይ በጓደኞቿ ተከባ ተቀምጣለች። ሳነጣጥርባት በሹክሹክታ «ላቤ ይታያል?» አለችኝ።

«አይታይም።»

«እንባዬስ?»

«እሱ ይታያል። ግን ያምርብሻል።»

ሳቀች። ቤቱ ግን ጨለማ ነው። በካሜራዬ ላይ ያለው መጀመሪያ አብሮት የመጣው ተራ ሌንስ ነው፤ ያነሳሁት ሁሉ ወይ ጠቆረ ወይ ተንቀጠቀጠ። ወደ በሩ ሮጥኩ።

«ጋሽዬ፣ ውስጡ ጨለማ ነው። ሃምሳዋን ያውሱኝ።»

«ፍላሽ ተጠቀሚ።»

«ፍላሽ ፊቷን ኖራ ያስመስለዋል። ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?»

«አንች ልጅ፣ ዝም ብለሽ ሥሪ!»

እንዲህ ጮኸውብኝ አያውቁም። ድካም ነው ብዬ ተመለስኩ።

ሰርገኛው ደረሰ። ሴቶቹ እንደ ወጉ በሩን ያዙ፤ ሚዜዎቹ ይገፋሉ፣ ሴቶቹ እየዘፈኑ ይሳደባሉ፣ አቧራው ይጨሳል። ጋሽዬ ከሚዜዎቹ መሃል ተጣብቀው መላወሻ አጡ። በዚህ መሃል የሙሽራዋ አባት ጋሽ ይግዛው በጓሮ በር ገቡና በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ስመኝ ተነሳች። ጉልበት ሊሳም ነው! ያለዚያች ፎቶ የሰርግ አልበም ማንም አይረከብም። የጋሽዬን ድምፅ ከውጭ ሰማሁት።

«አሳልፉኝ! እኔ ፎቶ አንሽ ነኝ!»

«ወንድ አይገባም!»

«ፎቶ አንሽ ነኝ እኮ እላለሁ!»

«ፎቶ አንሽም ወንድ ነው!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ከዚያ በሴቶቹ ራስ ላይ አንድ እጅ ወደ ውስጥ ተዘረጋ፤ የጋሽዬ ካሜራ ከነሃምሳዋ ተንጠልጥሎበታል።

«ትርንጎ! ያዥ! በዚህ አንሽ! እንዳያመልጥሽ!»

ተቀበልኩ። ዓይኔ ላይ አደረግኩት። ስመኝ ተንበርክካ ግንባሯን የአባቷ ጉልበት ላይ አሳረፈች። ጋሽ ይግዛው «ውለጅ፣ ክበጅ» ሊሉ ጀመሩና ድምፃቸው ተቆረጠ፤ እጃቸው ራሷ ላይ ቀረ። ትንፋሼን ያዝኩ። ተጫንኩት።

ፎቶውን በካሜራው መስታወት ላይ አየሁት። ጥርት፣ ኩልል ያለ። የአባትየው ጣቶች መሃል የገባው ፀጉሯ እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከኋላቸው፣ ከሴቶቹ ራስ በላይ በበሩ በኩል የዳሱ አምፖሎች ክብ ክብ ሆነው ተንሳፍፈዋል። አሰፋሁት። በእያንዳንዱ ክብ ውስጥ፣ ከላይ በቀኝ በኩል፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገራችሁ? ደስታ ነው። «እንዴ፣ ሃምሳዬ!» አልኩ፣ የጠፋ በጉን ከሰው መንጋ መሃል እንዳየ ሰው። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሌንሷን ወደ ብርሃኑ አዙሬ ወደ ውስጥ አየሁ። ጤፏ እዚያው ጠርዟ ላይ ቁጭ ብላለች፣ የትም ሄዳ እንደማታውቅ። እንግዲህ ያቺ በነጭ ድር የተሸፈነችው፣ በመሀረብ እንባዬ የተጠረገላት፣ የማን ሌንስ ነበረች?

መጮህ ፈለግኩ። ግን ሰርግ ቤት ነገር አይነሳም። የተጣላ ሰው እንኳ ጠቡን ከዳሱ ውጭ ትቶ ይገባል፤ ሙሽሮቹ ላይ ክፉ ምልክት ነው ይባላል። ስመኝ ደግሞ ምን አደረገችኝ? ዋጥኩት። ዋጥኩትና በገዛ ሌንሴ ማንሳቴን ቀጠልኩ። አንድ ነገር ብቻ ወስኜ ነበር፤ ካሜራው ከእጄ አይወጣም። ሃምሳዬ ቦርሳቸው ውስጥ ከገባች በሰላም አትወጣም፤ ከአንዲት ተማሪና ከከተማው የታወቀ ፎቶ አንሺ ደግሞ ማን እንደሚታመን አውቃለሁ።

ሴቶቹ በሩን ለቀቁና ጋሽዬ ገቡ። እጃቸውን ዘረጉ።

«በይ አምጭው።»

«ይቆይ ጋሽዬ፣ አልጨረስኩም።»

«ምን ሁነሻል?»

«ምንም። ሃምሳዎ ጥሩ ታያለች።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። ሰው ሁሉ ስላለ ፈገግ አሉ፤ ያ ፈገግታ እስከ ዓይናቸው አልደረሰም። ሙሽራዋ ከወጣች በኋላ ጋሽ ይግዛው እኛን ፈልገው አጠገባቸው አስቀመጡን። በግራ እጄ ካሜራውን ጭኔ ላይ ይዤ በቀኜ እበላለሁ።

«ይችን ልጅ ከየት አገኟት?» አሏቸው ጋሽ ይግዛው። «እኔ ሳለቅስ ከፊቴ ነበረች፤ ግን አላፈርኩባትም።»

«እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኋት» አሉ ጋሽዬ።

«እንዲያ ነው?» ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ።

«አዎ» አልኩ። «ብዙ ነገር አስተምረውኛል።»

ጋሽዬ ጉርሻቸው አፋቸው ውስጥ ቆመ።

መርቀው ሸኙን። ከዳሱ ራቅ እስክንል፣ የጄኔሬተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቅኩ። አንድ አውድማ አጠገብ ስንደርስ ቆምኩ።

«ጋሽዬ፣ ሃምሳዬን ለምን ወሰዱብኝ?»

«ምን አልሽ?»

«ሃምሳዬን።»

«አንች ልጅ፣ ፀሐይ መታሽ መሰለኝ። የፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ያንችም የኔም አይለይም።»

ሌንሷን ወደ ፀሐይ አዞርኩላቸው። «ፋብሪካ ጤፍ አይወቃም ጋሽዬ።»

አዩ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ፤ የማላውቀው ሰው ድምፅ ሆነ።

«እኔ በዚህ ልጆች አሳድግበታለሁ። የኔዋ አንች ከመምጣትሽ በፊት ሻግታ ቆማለች፤ ሰርግ ተይዟል፤ ምን ላድርግ? አንች ምን ልትሠሪበት ነው? ባጃጅና ውሻ ልታነሽበት?»

ሌንሴን መውሰዳቸውን ምናልባት እዚያው ይቅር እላቸው ነበር። «ቸገረኝ፣ አውሽኝ» ቢሉኝ እኮ እሰጣቸው ነበር፤ ሳያስጨርሱኝ እሰጣቸው ነበር! ይሄ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱን ባጃጅ፣ እያንዳንዱን ጋሪ ያሳየሁት ለሳቸው ነው። «ብርሃኑን አየሽው?» ሲሉኝ እውነት መስሎኝ ኖሯል።

«ውሻዋን ወድጃታለሁ ብለውኝ ነበር» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይሄ ብቻ ነው። ስንት የሚያቃጥል ቃል እያለ! አንቱታው እንኳ ከምላሴ አልወርድ አለኝ።



አውድማው ዳር ተንበረከክኩ። የሁለታችን ካሜራ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሥራው ቀላል ነበር። ሃምሳዬን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባኋት። ከዚያው ቦርሳ የሻገተችውን፣ እንደ ሬሳ ይዣት የዞርኩትን አወጣሁና በሳቸው ካሜራ ላይ ገጠምኳት። ቀጭ አለች።

«ይኸው የእርስዎ።»

ተቀበሉኝ። አልከለከሉኝም፣ አልተቆጡም። ወደ አውድማው እያዩ «ሜሞሪው ግን የኔ ነው» ብቻ አሉ። እውነት ነው፤ ሜሞሪው የሳቸው ነው። ፎቶዎቹም አብረው ቀሩ። ቡሬ ስንደርስ «ነይ አብረን እንሳፈር» አሉኝ። የሳቸው ሚኒባስ ሞልቶ እስኪሄድ ጠብቄ በሌላ መጣሁ።

እናቴ ስትሰማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «አሁኑኑ ነው ፎቶ ቤቱ ድረስ የምሄደው!» ለምኜ አስቀረኋት። ዕቃዬ ተመልሷል፤ የቀረውን ሽማግሌም ቢቀመጥ አያስመልሰውም። ከሳምንታት በኋላ ፎቶዋ መስታወቱ ላይ ወጣች፤ ከሥሯ ትልቅ ሆኖ የሳቸው ስም። ፊት ለፊቷ ቆሜ አየኋት። ሰው ከጎኔ እየቆመ «ይሄ ሰውዬ እኮ እጁ ልዩ ነው!» ይላል።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ያነሳሁትን ለማንም ከማሳየቴ በፊት መጀመሪያ ራሴን «ወደድሻት?» እላለሁ። ውሻዋን ዛሬም ወድጃታለሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሌንሴን አስመለስኩ፤ ከሳቸው የወሰድኩትን ግን መመለስ አልቻልኩም። ጣቴ በተጫነ ቁጥር «ትንፋሽሽን ያዥ» የሚል ድምፃቸው ይመጣል፣ እኔም እይዛለሁ። ሳልይዝ ሞክሬያለሁ፤ ፎቶው ይንቀጠቀጣል።

ሙሉቀን ባሕር ዳር ሌንስ የሚፈታ ሰው አግኝቻለሁ፣ ላኪያትና ጤፏን ያውጣልሽ ይለኛል። አልልክም። እናንተ ግን በዚያ ፎቶ ቤት ስታልፉ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከሥር ያለውን ስም ተዉትና ወደ መስታወቱ ጠጋ በሉ። ከአባትየው ኋላ የተንሳፈፉትን ክብ ብርሃኖች እዩ፤ ከላይ፣ በቀኝ በኩል። ያቺ ጥቁር ነጥብ ከናቴ ጆንያ የወጣች ጤፍ ናት።